ፍሬን ያለው መኪና፣ ፍሬን የሌለው ሾፌር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፍሬን ነው። አዎ፣ ስለ መኪና ፍሬን። «አንቺ የተመረቅሽው በጋዜጠኝነት ነው ወይስ በአውቶ መካኒክ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እናቴም ብላኛለች። ግን ትንሽ ታገሱኝ፤ ይኼ ፍሬን ሄዶ ሄዶ የሚቆመው ሆስፒታል በር ላይ ነው።

ከአምቦ አዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ጊንጪ፣ ኦሎንኮሚ፣ አዲስ ዓለም፣ ሆለታ፣ ቡራዩ እያላችሁ ትገባላችሁ። (በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም ያለው ቁራጭ በምኒልክ ዘመን ከተሠሩት ቀደምት መንገዶች አንዱ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና ሀገራችን የገባችው ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ነው። መንገዱ መኪናዋን ቁጭ ብሎ ጠብቋታል ማለት ነው።) እኔ ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተመላልሼበታለሁ። ሾፌሮቹ የት ጋ ቀበቶ እንደሚያስሩና የት ጋ እንደሚፈቱ ሳይቀር በቃሌ ነው፤ ትራፊክ የሚቆምባቸውን ቦታዎች ማለቴ ነው። ትርፍ የተጫነ ሰው የት ጋ «ጎንበስ በል» እንደሚባልም እንዲሁ።

ጋቢና መቀመጥ እወዳለሁ። ጋቢና ስትቀመጡ ከሾፌሩ ጋር ታወራላችሁ፣ መንገዱን ታያላችሁ፣ ሳትፈልጉም ዳሽቦርዱን ታነባላችሁ። በተሳፈርኩባቸው ሃይ ሩፎች ላይ ደጋግሜ ያየኋት አንዲት ቢጫ መብራት አለች። ክብ ነገር ውስጥ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ተጽፈውባታል፦ ኤ፣ ቢ፣ ኤስ። አንዱን ሾፌር «ጋሼ፣ ይቺ መብራት ምንድናት?» ብዬ ስጠይቃቸው «እሷን ተያት የኔ ልጅ፣ መኪናው ከዱባይ ሲመጣ ጀምሮ ትበራለች፤ ዋናው ፍሬን ይሠራል» አሉኝ። ሌላው ጋ ደግሞ መብራቷ ጨርሶ አትታይም። ጎበዝ መኪና ነው ብዬ ሳመሰግን ልጁ ሳቀና «መካኒኩ አምፖሏን ነቅሏታል፣ ተሳፋሪ እየጠየቀ ሲያስቸግረን» አለኝ። እንግዲህ ተሳፋሪ ማለት እኔ ነኝ።

ይህን ካያችሁ ዘንድ ዘዴውን ልንገራችሁ። መኪናው ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ያቺ ቢጫ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። በርታ ከቀረች ሥርዓቱ ታሟል። ከነጭራሹ ካልበራች ወይ አምፖሉ ሞቷል ወይ አንድ ሰው ደብቋታል።

ሥራዋ ደግሞ ይኸው ነው። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬኑን ሲረግጠው ጎማው መዞሩን ያቆምና አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል። የሚንሸራተት ጎማ መሪ አይሰማም። መሪውን ወደ ግራ ብታዞሩት፣ ወደ ቀኝ ብታዞሩት፣ መኪናው ወደ ጀመረበት ይሄዳል። ኤቢኤስ እያንዳንዱ ጎማ ጋ ፍጥነቱን የሚለካ ሴንሰር አለው። ጎማው ሊቆልፍ ሲል ኮምፒዩተሩ ያንን ጎማ ለቅጽበት ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ። እግር ስር ፔዳሉ ይርገበገባል። ይህን የማያውቅ ሾፌር «ፍሬኑ ተበላሸ» ብሎ እግሩን ያነሳል፣ ማንሳት ግን የለበትም። ዋናው ጥቅሙ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው፣ መኪናውን በአጭር ርቀት ማቆሙ አይደለም። ፍሬን እየያዛችሁ መሪው እንዲታዘዛችሁ ማድረጉ ነው። እንዲያውም በልቅ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ ያለው መኪና ለመቆም የበለጠ ርቀት ሊፈጅ ይችላል፤ የቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ቆልሎ ይደገፍበታልና። ከዋናው አስፋልት ወጥታችሁ ወደ ወረዳዎቹ ስትገቡ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ከመርሰዲስ ጋር ሆኖ የኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስን ለገበያ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በሙከራ ሜዳ ላይ ያየ ሁሉ ተደነቀ። እርጥብ መንገድ ላይ መኪናዋ እንደ በግ ታዘዘች። በቃ፣ የመኪና አደጋ ሊቀንስ ነው ተባለ።

አሁን ወደ ሙኒክ እንሂድ። በ1980ዎቹ በዚያች ከተማ የአንድ የታክሲ ድርጅት መኪኖች ለሁለት ተከፈሉ። ከፊሎቹ ኤቢኤስ አላቸው፣ ከፊሎቹ የላቸውም። በሌላው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሦስት ዓመት ቆጠሩ። እንደ ተራ ተሳፋሪ ሆነው የሚገቡ ታዛቢዎችም አሰማሩ፤ ሾፌሩ እየተገመገመ መሆኑን አያውቅም። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁለቱ ወገኖች በአደጋ ቁጥር አልተለያዩም። ኤቢኤስ ያላቸው ሾፌሮች ኩርባውን ጠበብ አድርገው ይገባሉ፣ ከፊታቸው ላለው መኪና ይጠጋሉ፣ ፍሬን የሚይዙት አጥብቀውና ዘግይተው ነው። ማሽኑ የሰጣቸውን ደኅንነት በፍጥነት መልሰው በሉት። ጄራልድ ዋይልድ የተባለው የካናዳ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ጥናት ዋና ምስክሩ አድርጎታል። እሱ እንደሚለው ሰው በልቡ የሚቀበለው የአደጋ መጠን አለው፤ ከዚህ ስትቀንሱለት ከዚያ ይጨምራል።

እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያሉኝ የአምቦ መናኸሪያ ሾፌሮች ናቸው። አንዱ አዲስ መኪና ሲገዛ በስንት ደቂቃ አዲስ አበባ እንደገባ ነው የሚነግራችሁ፤ መኪናው በስንት ሜትር እንደቆመለት ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ክረምት ላይ፣ ጊንጪን አልፎ ጭጋጉ ሲወርድ፣ ከኋላ ያሉ እናቶች «ሱታ ጄዳ! ቀስ በሉ እንጂ!» እያሉ ሲጮሁ እሱ «አትፍሩ፣ መኪናው አዲስ ነው» ይላል። የሙኒክን ጥናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨመቀው! ሕዝባችንም ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣው ሾፌሩን ከመኪናው ለይቶ ባለማየቱ ይመስለኛል። እኔ ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ።

ታዲያ ኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የለውም ልል ነው? አይደለም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የብዙ ዓመት ግምገማ ኤቢኤስ በአጠቃላይ ግጭትን በመኪና ከመቶ ስድስት ያህል እንደቀነሰ፣ በሞት አደጋ ላይ ግን የተጣራ ውጤቱ ወደ ዜሮ የቀረበ እንደሆነ አሳይቷል። የእሱ ታናሽ ወንድም የሆነው፣ መኪናው ሲንሸራተት ራሱ አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን እየያዘ ወደ መስመሩ የሚመልሰው ሥርዓት፣ ኢኤስሲ፣ ግን ሌላ ታሪክ አለው። አንድ መኪና ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ ሰው የሚሞትበትን አደጋ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ሁለቱም ኤሌክትሮኒክስ፣ ሁለቱም ፍሬን፣ ሁለቱም በሙከራ ሜዳ ላይ የሚያስደንቁ። አንዱ አዳነ፣ አንዱ ያን ያህል አላዳነም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሙታንን ሳይቆጥር ማንም አላወቀም።

(እዚህ ላይ ለሙያዬ ትንሽ ልኩራ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1997 ሮበርት ኮሊን የተባለ የስዊድን ጋዜጠኛ አዲሷን የመርሰዲስ ኤ ክላስ፣ መንገድ ላይ ድንገት አጋዘን እንደገባበት ሰው መሪ ሲያዞርባት ተገለበጠች። ኩባንያው መጀመሪያ አንገራገረ፣ በኋላ መኪናዋን ማስረከብ አቁሞ ያንኑ ሥርዓት በሁሉም ላይ ገጠመ። አንድ ጋዜጠኛ፣ አንድ መሪ! እኛ ጋ የመኪና ዘገባ ማለት የአዲስ ሞዴል ምረቃ ነው።)

ሁለት ወገን ከፍሎ መቁጠር የሚባለውን ነገር ዓለም አጥብቆ የለመደው ከሐኪሞች ነው። መድኃኒት በላብራቶሪ መሥራቱ አይበቃም፤ ከሁለት ተመሳሳይ ሕመምተኞች አንዱ ያገኘዋል፣ አንዱ አያገኝም፣ ማን ማን እንደሚያገኝ በዕጣ ይወሰናል፣ ከዚያ ይቆጠራል። ጭካኔ ይመስላል አይደል? እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ ነበር፤ ስለ ስቴሮይዱ እስካነብ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው አንጎሉ ያብጣል። ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ እብጠት ይቀንሳል። ስለዚህ ሐኪሞች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሰጡት ኖሩ፤ የሚያሳምን ነገር ነው፣ እኔም ሐኪም ብሆን እሰጥ ነበር። ከዚያ ክራሽ በተባለ ጥናት በብዙ ሀገር ያሉ ሆስፒታሎች ተባብረው በዕጣ ከፍለው ቆጠሩ። 20,000 ሰው ሊያካትቱ አስበው ነበር። 10,008 ላይ ሲደርሱ አቆሙት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ውጤት፦ መድኃኒቱን ካላገኙት ውስጥ በሁለት ሳምንት የሞቱት ከመቶ 17.9፣ ካገኙት ውስጥ 21.1። ያድናል የተባለው ይገድል ነበር። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ሐኪሞቹ በሙሉ ለማዳን ነው የሰጡት። እያንዳንዱ ሐኪም በራሱ ክፍል ውስጥ ግን ይህን ሊያይ አይችልም፤ ከመቶ ሦስት ሰው በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ይጠፋል።

እዚህ ጋ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአክስቴ ልጅ ከጌዶ ወዲህ በደረሰ አደጋ ተጎዳ። ጭኑ ላይ ነበር። ማታ ነበር። አምቡላንስ ሲጠበቅ ቆየ፣ ከዚያ በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ተጫነ፣ ከዚያ አንድ ጤና ጣቢያ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ተላከ። ሳይነጋ ደሙ አልቆ ሞተ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፣ መኪናዋም አዲስ ነበረች። አክስቴ እስከ ዛሬ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አላት፤ የተማርኩ ስለሆንኩ የማውቅ ይመስላታል። «ስንት ሰዓት ላይ ቢደርስ ይተርፍ ነበር?» ትለኛለች።

እሷ ሳታውቀው የጠየቀችው በትክክል የተጠና ጥያቄ ነው። እነዚያው የክራሽ ሰዎች ሁለተኛ ጥናት አደረጉ፦ በ40 ሀገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች፣ 20,211 የቆሰሉ ሰዎች። መድኃኒቱ ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል፤ የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ ርካሽ መርፌ ነው። ያገኙት ኡታኮ ኦካሞቶ የተባሉ ጃፓናዊት ሐኪምና ባለቤታቸው ሾሱኬ ናቸው፤ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ኡታኮ ልጃቸውን የሚያቆዩበት ቦታ ስላልነበራቸው አዝለዋት ላብራቶሪ ይሠሩ ነበር። ሕልማቸው በወሊድ ደም የሚፈሳቸውን እናቶች ማትረፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የመኪና አደጋና የሌሎች ቁስለኞች ውጤት እንዲህ አለ፦ ያላገኙት ከመቶ 16 ሞቱ፣ ያገኙት 14.5። ትንሽ ይመስላል። በዓለም ላይ በቁስል ለሚሞተው ሕዝብ ስታበዙት ግን ትንሽ አይደለም፤ በማግስቱ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለቁስለኞችም እንዲያገለግል በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው።

ዋናው ግን ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው ደም በመፍሰስ የሞቱት ከመቶ 5.3 ሲሆኑ፣ ካላገኙት ግን 7.7 ሞተዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜም ይጠቅማል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ይገለበጣል፦ ያገኙት 4.4፣ ያላገኙት 3.1። ያው መርፌ፣ ያው ሰው፣ ዘግይቶ ሲሰጥ ይጎዳል። (ሦስት ሰዓት ስል የጠዋቱን ሦስት ሰዓት አይደለም፤ ከአደጋው ቅጽበት ጀምሮ የሚቆጠር ሦስት ሰዓት ነው።)

አሁን ከጌዶ እስከ አምቦ ያለውን መንገድ አስቡት። ዳገቱን፣ ጉደርን፣ ማታውን፣ አምቡላንስ መጠበቁን፣ ወደ ሌላ መላኩን። ርቀቱ ራሱ ሦስት ሰዓት አይፈጅም። የሚፈጀው መጠበቁ ነው፣ «ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው። ስለ ክፍያው ካነሳሁ አይቀር፦ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና የተጎዳ ማንኛውም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ያዝዛል፤ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ድረስ ነበር። ተጎጂው ተሳፋሪም ይሁን እግረኛ፣ ገጪው ቢያመልጥም። ይህን የሚያውቅ ሰው አምቦ ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

ወደ መቁጠሩ እንመለስ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ሀገራችን ለ2016 በትራፊክ አደጋ ሞቱ ብላ ያሳወቀችው 4,352 ሰው ነው። ድርጅቱ ራሱ የገመተው 27,326 ነው። በሁለቱ መካከል 22,974 ሰው አለ። ግምቱ ተጋንኗል የሚል ይኖራል፤ ግዴለም፣ ግማሹን ጣሉለት። የቀረውስ የት ገባ? አንዱ መልስ የአክስቴ ልጅ ነው። አስፋልቱ ላይ አልሞተም፣ ከሰዓታት በኋላ ሌላ ቦታ ሞተ። ፖሊስ ሲመዘግብ «ከባድ ጉዳት» ነበር። ተመልሶ ማን አረመው?

እኛ ጋዜጠኞችም አልቆጠርንም። የትራፊክ አደጋ ዜና እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ ትምህርት ቤት ማንም አላስተማረን፣ ግን ሁላችንም አንድ ዓይነት እንጽፋለን። ከየት ወደ የት ሲጓዝ የነበረ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ይህ የሆነ፣ የስንት ሰዎች ሕይወት አለፈ፣ የአደጋው መንስኤ እየተጣራ ነው። በቃ። «እየተጣራ ነው» የተባለው ምን ሆኖ እንደተጣራ ዜና ሆኖ ሲመለስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መኪናው ኤቢኤስ ነበረው? ይሠራ ነበር? ጎማው አልቆ ነበር? የቆሰሉት በስንት ደቂቃ ሕክምና አገኙ? ሙኒክ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጠው የጻፉት እኮ ይህንኑ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከተማችን ውስጥ አለ፣ ኢንጂነሪንግ የሚማር አለ፣ ሕክምና የሚማር አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ይህን አንድ መንገድ ቢቆጥሩት ለመመረቂያ ጽሑፍ ሳይሆን ለመጽሐፍ የሚሆን ያገኛሉ።

ያቺን ቢጫ መብራት ያስነሳሁባቸው ሾፌሮችም ሞኞች አይደሉም። ሴንሰሩ ሲበላሽ ኦሪጅናሉ ውድ ነው፣ የሚገጥመውም ሰው በየከተማው አይገኝም። የፍሬን ሸራ ከመቀየርና ሴንሰር ከመቀየር ምረጥ ቢባል ማንም ሸራውን ይመርጣል፣ እኔም እመርጣለሁ። ግን ለዓመታዊ ምርመራ ሄዶ ቦሎ ለጥፎ የሚመለስ መኪና ላይ መብራቷ ስትበራ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

ባለፈው ወር በዞናችን ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የምትሠራ ጓደኛዬን ስለዚሁ ጠየቅኋት። ትራኔክሳሚክ አሲዱ አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ የለም አለችኝ። ሲኖርም ችግሩ ሌላ ነው። የተጎዳው ሰው ካርድ ላይ የደረሰበት ሰዓት ይጻፋል፣ አደጋው የደረሰበት ሰዓት ግን አይጻፍም። ሦስቱ ሰዓት አልፏል ወይስ አላለፈም? ያመጡት ሰዎች መንገድ ላይ ያገኙት ናቸው፣ አያውቁም። ተጎጂው ራሱን አያውቅም። ሰዓቱን የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈርቶ ሮጧል። እና ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። ካርዱ ጥግ ላይ በራሷ እጅ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «አደጋው ስንት ሰዓት?»። የገባውን ሁሉ፣ በአይሱዙ ያመጣውንም፣ የተከተለውንም ልጅ፣ ትጠይቃለች። ከአሥሩ ለአራቱ ያህል መልስ ታገኛለች አለችኝ።

ለአክስቴ ይህን ነገርኳት። «በዚያን ጊዜ ጠይቀው ነበር?» አለችኝ።